ቁልፉ ከውጭ ለሆነ ክፍል

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አሥራ አንዳችን ቀለምና ብሩሽ ይዘን፣ ፍርድ ቤት የላካቸው ልጆች ወደሚኖሩበት አንድ ተቋም ሄድን። የተቋሙን ስም አንጽፍም፤ ለነገሩ ያከራከረን ስሙ አይደለም። ሥራችን የመኝታ ክፍሎቹን ግድግዳ ቀለም መቀባትና ሥዕል መሣል ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ድሮ ነጭ የነበረ ኖራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራን። ቡናማውን በቢጫ ሸፈንነው። በትልቁ ክፍል ጫፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ ሣልን፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጎጆ፣ ሁለት በጎችም አሉበት። (በጎቹ ውሻ ይመስላሉ ያለ ሰው ነበር፤ ይቅር ብለነዋል።)

በሁለተኛው ቀን ማታ ብሩሻችንን በጋዝ ስናጥብ አንድ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። «እንዴት ነው፣ ወደድከው?» አልነው። «ጥሩ ነው ጋሼ» አለ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ግን አትችሉም?» አለን።

ሳቅን። ምን እናድርግ! መስኮቱ ከረጅሙ ጓደኛችን ራስ በላይ ነው፤ ብርሃን ያስገባል እንጂ ምንም አያሳይም። መሬት ላይ የቆመ ሰው በዚያ መስኮት የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው፤ እሱም በብረት ዘንግ የተከፋፈለ። ልጁ አልሳቀም። መልስ እየጠበቀ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተጣላን። መጣላት ይባል እንጂ ክርክር ነው፤ ግን ክርክሩ ዶርም ድረስ ተከትሎን ገባ፤ ለሳምንት ያህል ካፌ ውስጥ ትሪ ይዘን ስንሰለፍ እንኳ አልለቀቀንም። አንደኛው ወገን የሚለው ይህን ነው፦ የተቆለፈ ክፍል የተቆለፈ ክፍል ነው። ቢጫ ብትቀባው፣ ፀሐይ ብትሥልበት፣ የሚለወጠው ያንተ ስሜት እንጂ የልጁ ኑሮ አይደለም። እንዲያውም ያደረግነው ነገር ክፉ ነው፤ የሚያስጠላውን የማያስጠላ አስመስለነዋል። ሰው «ኧረ ይህ ይቅር!» የሚለው የሚያስጠላ ነገር ሲያይ ነዋ! ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይመልሳል፦ ታዲያ ቡናማው ይቆይ ነው የምትሉት? እናንተ ስለ ነፃነት ተከራክራችሁ እስክትጨርሱ ልጁ እዚያ ግድግዳ ሥር ስንት ሌሊት ይተኛል?

ከመካከላችን አንዱ ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ በልጅነቱ ሰባት ወር እንዲህ ባለ ቦታ እንደቆየ ነገረን። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። «ግድግዳው ምን ቀለም እንደነበረ አላስታውስም» አለ። «የማስታውሰው በሩን ነው። የብረት በር ነው፤ ሲዘጋ ጥርስህ ውስጥ ይሰማሃል። ማታ ማታ አንድ በአንድ ሲዘጉ ትቆጥራለህ፤ የኛ አራተኛው ነበር።» ከዚህ በላይ አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ የዶርማችንን በር ቀስ ብለን ነው የምንዘጋው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦ ልጅን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ኅብረተሰብ ለሚቆልፍበት ክፍል መልክ ተጠያቂ ነው ወይ? ተጠያቂ ከሆነስ፣ ክፍሉን ማሳመር ግዴታውን መወጣት ነው ወይስ ግዴታውን መሸፈን?

በመጀመሪያ ግን ክፍል በሰው ላይ ምን ያህል ጉልበት አለው? «ዋናው ሰው ነው፤ ግድግዳ ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም። እኛም ከመካከላችን ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1984 (ከዚህ በኋላ ካልተናገርን በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያሳተመው አጭር ጽሑፍ አለ። ሰውየው ያደረገው ቀላል ነገር ነው። በፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ ገለጠ። አንዳንዱ ክፍል መስኮቱ ዛፎች ያሳያል፤ ሌላው ክፍል መስኮቱ የሚያሳየው የሸክላ ጡብ ግድግዳ ነው። በዕድሜና በሌላም የሚመሳሰሉ 46 ሕሙማንን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አነጻጸራቸው። ዛፍ የሚያዩት 23ቱ ጡብ ከሚያዩት 23 ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው። ሆስፒታሉ ያው፣ ቀዶ ጥገናው ያው፤ የተለየው መስኮቱ ነው።

ኧረ ይህስ ሆስፒታል ነው፣ የታሰረ ሰው ሌላ ነው ብንል፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ኧርነስት ሙር የተባለ ሌላ ተመራማሪ በሚሺጋን ግዛት አንድ ትልቅ ወህኒ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ፈትሾ ነበር። ክፍላቸው ወደ ውጭ፣ ወደ እርሻና ዛፍ የሚመለከት እስረኞች፣ ክፍላቸው ወደ ውስጠኛው ግቢ ከሚመለከት እስረኞች ይልቅ «አመመኝ» ብለው ሐኪም የጠየቁበት ጊዜ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ እርሻው ማንንም አላስፈታም፣ ከማንም ቅጣት ላይ አንድ ቀን አልቀነሰም። የአንደኛው ወገን ጓደኞቻችን «የተቆለፈ የተቆለፈ ነው» ሲሉ እውነት ተናግረዋል፤ ይሁን እንጂ የሰው አካል በቁልፍና በቁልፍ መካከል ልዩነት ያውቃል። ያ ልጅ ከኡልሪክ ያነበበው ነገር የለም። ብቻ በትክክል ጠየቀን።

እኛስ ራሳችን አናውቀውም እንዴ? እስቲ ዶርማችንን እንይ። አልጋው የዩኒቨርስቲው ነው፣ ፍራሹ የዩኒቨርስቲው ነው፣ ጠረጴዛው በቁጥር የተመዘገበ ነው። የኛ የምንለው የሎከራችንን በር ውስጠኛ ገጽ ብቻ ነው፤ እዚያች ላይ የእናታችንን ፎቶ፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ግጥም እንለጥፋለን። ሎከሩን በከፈትን ቁጥር ለአንድ አፍታ ሰው ነን። አንድ ጊዜ በግቢ ቁጥጥር «ይነሣ» ተብለን ምን ያህል እንደተቆጣን የማያስታውስ የለም፤ ያውም እኛ በፈለግን ጊዜ በበሩ የምንወጣ ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የክፍል መልክ በሰው ላይ ጉልበት ካለው፣ ያ ጉልበት ለማን ነው የሚሠራው?

በ1979 አሌክሳንደር ሻውስ የተባለ አሜሪካዊ ሲያትል ውስጥ ያለ የባሕር ኃይል ማረሚያ አንድ ክፍሉን በልዩ ዓይነት ሮዝ ቀለም እንዲቀባ አደረገ። ቁጡ ሰው እዚያ ሮዝ ክፍል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይበርዳል ተባለ። ቀለሙም በማረሚያው ሁለት ሹማምንት ስም ቤከር ሚለር ሮዝ ተብሎ ተጠራ። ወሬው ተሠራጨና በየአገሩ እስር ቤቶች፣ የወጣቶች ማቆያዎች ሳይቀሩ፣ ክፍላቸውን ሮዝ ይቀቡ ጀመር። በኋላ የተደረጉ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ምርመራዎች የተባለውን አላገኙም፤ በ2015 የታተመ የስዊስ እስር ቤት ጥናትም ሮዙና ነጩ ክፍል በእስረኞቹ ቁጣ ላይ ያመጡት ልዩነት የለም አለ። እኛን ያስገረመን ግን ቀለሙ አለመሥራቱ አይደለም። ቢሠራስ ኖሮ? እስቲ እውነት ይሥራ እንበል። የተቆጣ ልጅ አለ፤ ምናልባት የሚያስቆጣ ነገር ደርሶበታል፤ ማንም «ምን ሆንክ?» ብሎ ሳይጠይቀው ቀለም ውስጥ ነክረን እናበርደዋለን። ይህ ማሳመር አይደለም፤ ያለ መርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ቢጫውን ስንቀባ እኛስ ምን አስበን ነበር? «ደስ እንዲላቸው» ነበር ያልነው። እንዲላቸው!

የዚህ ነገር ሥር ሩቅ ነው። በፈረንሳይ፣ ቱር ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ፍሬደሪክ ኦጉስት ደሜትዝ የተባለ ዳኛ በ1840 ለጥፋተኛ ልጆች አንድ የእርሻ መንደር ከፈተ፤ ሜትሬ ይባላል። ደሜትዝ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር በወህኒ ሲበሰብሱ አይቶ አዝኖ ነው የተነሣው። የግንብ አጥር አልሠራም። በሰፊ ሜዳ ዙሪያ ትናንሽ ቤቶች አሠለፈ፤ በሜዳው ራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ የአንድ ቤት ልጆች «ቤተሰብ» ተባሉ፤ ዛፍ ተተከለ። ከመላው አውሮፓ እንግዶች እየመጡ አደነቁ። የቅጣት ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ግን «እግዚአብሔር ያይሃል» የሚል ጽሑፍ ነበር። ቀኑ በደወልና በሰልፍ የተከፋፈለ ነበር። ሚሼል ፉኮ በ1975 ባሳተመው ስለ እስር ቤት መወለድ በሚናገረው መጽሐፉ፣ የዘመናዊው እስር ሥርዓት የተጠናቀቀበትን ቀን ምረጥ ብባል ሜትሬ የተከፈተበትን ቀን እመርጣለሁ የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ጸሐፊው ዣን ዠኔ በ1920ዎቹ በልጅነቱ እዚያ ቆይቷል፤ በኋላም ጽፎበታል። ጽሑፉን ያነበብን ሰዎች የተደናገጥነው በምሬቱ አይደለም፤ ቦታውን በናፍቆት ማስታወሱ ነው ያስደነገጠን። መንደሩ በ1930ዎቹ ጋዜጦች ጭካኔውን ካወጡበት በኋላ ተዘጋ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን ጓደኞቻችን ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ዛፍም ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ክርክሩን እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ምቾት ያለው መልስ ነው ያገኘው፤ «ማሳመር ማታለል ነውና ተውት»። እንዲህ የሚለው ሰው የሚያድረው ራሱ አልጋ ላይ ነው። በዘመናችን ያሉትን የተዘጉ የወጣቶች ተቋማት፣ ይልቁንም ባለጸጋ አገሮች የሠሯቸውን፣ ውስጣቸውን እንይ። አልጋው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፣ ወይም ጭራሹን ከሲሚንቶ ተገንብቷል። መስታወቱ መስታወት ሳይሆን የተወለወለ ብረት ነው። ፍራሹ በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ሲገላበጡበት ይጮኻል። ብዙ ቦታ የመብራቱ ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። ሁሉ ነገር ጠንካራ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ በኮሪደሩ ጫፍ የወደቀ ማንኪያ በዚህኛው ጫፍ ይሰማል።

ይህን ሁሉ የፈለሰፈው ጭካኔ ብቻ ነው ብለን አንዋሽም። ልጅ ራሱን ሰቅሎ ሲገኝ በሩን የከፈተ ጠባቂ ስለ ልብስ መስቀያ ያለው አስተያየት ከእኛ የተለየ ነው፤ መለየትም አለበት። መስታወት ይሰበራል፣ ስባሪው ደግሞ ይቆርጣል። ስለዚህ «ሁሉን እንደ ቤት አድርጉት» ብሎ ከሩቅ መጮህ ቀላል ነው፤ ሌሊት ተረኛው ግን እኛ አይደለንም።

ነገር ግን ዕቃ ይናገራል። በብሎን የታሰረ ወንበር ለተቀመጠበት ልጅ በየቀኑ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ «ብትፈታ ትወረውረኛለህ» ይለዋል። ልጅ ደግሞ የተባለውን ይሆናል። ታናናሽ ወንድሞች ያሉን ሁሉ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ «አንተ ሰባሪ!» እየተባለ ያደገ ልጅ ብርጭቆ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዕቃው ልጁን ከጉዳት ሊጠብቀው ተሠርቶ ሳለ ልጁ አደገኛ መሆኑን ያስተምረዋል። ከዚህ ወዲያ ልጁ ቢሰብር «አላልናችሁም?» እንላለን።

የተለየ መንገድ የሞከሩ አሉ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ቡንቪል በተባለች ከተማ፣ ለወንዶች ልጆች አንድ ትልቅ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙ በድብደባና በጭካኔ ሲነሣ ኖሮ በ1983 ተዘጋ። (ሕንፃው አልፈረሰም፤ የአዋቂዎች ወህኒ ቤት ሆነ። ሕንፃ ሲሠራ የተማረውን አይረሳም መሰለን።) ግዛቱ ልጆቹን ወደየሰፈራቸው በሚቀርቡ ትናንሽ ቤቶች አከፋፈላቸው። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሆነው በቡድን ይኖራሉ። ሶፋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ግድግዳው ላይ የራሳቸው ጽሑፍና ሥዕል አለ፤ የሚለብሱት የራሳቸውን ልብስ ነው። ሌሎች ግዛቶች «እንዴት አደረጋችሁት?» ብለው ሊያዩ መጡ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን፤ ሥራውን የሠራው ሶፋው ብቻ አይደለም። ሶፋው ላይ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ፣ ስሙን የሚያውቅ፣ የሠለጠነ ሰው አለ። ያንን ሰው አስወጥተህ ሶፋውን ብትተው ሶፋው የቤት ዕቃ መደብር ይሆናል። ያንን ሰው አስቀምጠህ ሶፋውን በሲሚንቶ አግዳሚ ብትተካው ደግሞ ሰውየው ሲናገር ግድግዳው ይክደዋል።

በስዊድን ደግሞ አንድ ተመራማሪ የያዘው ዘዴ ደስ ብሎናል። ከክፍሉ ባለቤት ጋር እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክፍሉን በእርሳስ እየነደፉ ይነጋገራሉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ ስንውል አላሰብነውም። ቀለሙን የመረጥነው በጋራ መሥሪያ ቤታችን፣ ማለት በዶርም ቁጥር 14፣ በድምፅ ብልጫ ነው።

በክርክሩ መካከል የመጣ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንዷ ጓደኛችን አነሣችው፦ «መንገድ ላይ ምንም ሳይሰርቁ ሸራ ለብሰው የሚያድሩ ልጆች አሉ። የሰረቀው ልጅ ከእነሱ የተሻለ ክፍል ይሰጠው ማለት ፍትሕ ነው ወይ?» ዝም አልን። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዞች በ1834 የድሆች ሕጋቸውን ሲያወጡ በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው የመሠረቱት፤ በድሆች መጠለያ ያለ ሰው ኑሮው ከውጭ ካለው ከመጨረሻው ምስኪን ሠራተኛ ኑሮ የባሰ መሆን አለበት አሉ። ያለዚያ ሁሉ እየመጣ ይገባል ብለው ፈሩ። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ግን ወዴት እንደሚወስድ እንይ። የውጭው ኑሮ በከፋ ቁጥር የውስጡን ይበልጥ ማክፋት ግዴታ ይሆናል። የመንገዱ ልጅ ረኃብ የታሰረውን ልጅ ለማስራብ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ለመንገዱ ልጅ ግን አንድ ጉርሻ አያስገኝለትም። የሁለት ልጅ ችግር ይዘን ሄደን ሁለቱንም ሳንፈታ እንመለሳለን ማለት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የመንገዱ ልጅ ቢበርደው ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ ደካማ ነፃነት ናት፣ ግን አለችው። የታሰረውን ልጅ ከፀሐይ ያዞርነው እኛ ነን። እጁን አስረኸው ማዕድ ያቀረብህለት ሰው ቢራብ «ምግቡ ፊቱ ነበር» ልትል አትችልም፤ ማጉረስ ያንተ ፈንታ ሆኗል። ቁልፉን የያዘ ሰው ከቁልፉ ጋር መስኮቱንም፣ ድምፁንም፣ የፍራሹንም ሽታ ይዟል። መልካም ክፍል ለታሰረ ልጅ ሽልማት ነው የሚለው ስሕተት የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሽልማት ሳይሆን ዕዳ ነው።

የዓለም መንግሥታትም ይህን በወረቀት አምነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1990 ያጸደቃቸው፣ ነፃነታቸውን ያጡ ወጣቶች ስለሚጠበቁበት ሁኔታ የሚናገሩት ደንቦች፣ የሃቫና ደንቦች የሚባሉት፣ የሕንፃው አሠራር ልጁን ከማነጽ ዓላማ ጋር የሚስማማ እንዲሆን፣ ልጁ ለብቻው የሚሆንበት ቦታ፣ የስሜት ሕዋሳቱን የሚያነቃ ነገር፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚገናኝበትና የሚጫወትበት ስፍራ እንዲያገኝ ይላሉ። የግል ዕቃ መያዝም የግላዊነት መብት ዋና አካል መሆኑን ይናገራሉ፤ የሎከራችን በር ማለት ነው። ኢትዮጵያም የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1991 ተቀብላለች። በራሳችን ሕግ ቢሆን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ልጅን በዳኛ ትእዛዝ መግረፍ ይፈቅድ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግርፋቱን አስቀርቶ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ ዳኛው ከሚያዝዛቸው እርምጃዎች አንዱ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ነው ይላል፤ አንቀጽ 162። አለንጋው ከሕጉ ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። የበሩ ድምፅ ግን በየትኛው አንቀጽ ይወጣል?

ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ አልታረቀም። እኛ በብዙኃኑ የደረስንበት ይህ ነው፦ ልጁ እንዲወደው ብለን የምናሳምረው ነገር አጠራጣሪ ነው፤ ልጁ ሊያዝዝበት፣ ሊያንቀሳቅሰው፣ ሊያበራና ሊያጠፋው፣ ሊያይበት የሚችለው ነገር ግን አያታልልም። ማብሪያው ከውስጥ ይሁን። በሩ ላይ ላስቲክ ይደረግ፤ ዋጋው ከቢጫው ቀለም ያንሳል። የቀረውን ደግሞ እነሱን እንጠይቅ።

ከክረምቱ በኋላ፣ በጥቅምት፣ አምስታችን ተመልሰን ሄድን። ስለ መስኮቱ ለኃላፊው ልንነግራቸው አስበን ነበር። በዕድሜ የገፉ፣ ትሁት ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ ግድግዳ ማፍረስ ነው፤ በጀት የለኝም» አሉን። ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ ትልቁ ክፍል ወሰዱን።

አልጋዎቹ እዚያ ተደራራቢ የብረት አልጋዎች ናቸው፤ ደግነቱ ከወለሉ ጋር አልታሰሩም። ልጆቹ አንዱን አልጋ ጎትተው ጫፍ ግድግዳው ጋ፣ ከመስኮቱ ሥር አስጠግተውታል። ላይኛው አልጋ ላይ የተንበረከከ ሰው በመስኮቱ አሻግሮ ያያል፤ መንገዱን፣ የአውቶቡስ መቆሚያውን፣ እሑድ እሑድ ጠያቂ የሚገባበትን በር። በተራ ነው የሚወጡት። ተራው በከሰል ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ በኛ ቢጫ ላይ፣ ስምና ሰዓት። «እንዳያበላሹት ልከለክላቸው ነበር» አሉ ኃላፊው፤ «ኋላ ተውኳቸው።»

አልጋው ፀሐያችንን ከግማሽ በላይ ሸፍኗታል። በጎቹም አይታዩም። መስኮቱን ዝቅ አድርጉት ያለን ልጅ ላይ ነበር፤ ተራው ስለነበረ ዞር ብሎ አላየንም።